ወደ አንድ ስልክ የሚሄድ ምራቂ

ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሱቁን የከፈቱት ከየመን የመጡት የባሌ አያት ናቸው፤ ከእሳቸው ወደ አማቼ፣ ከአማቼ ወደ ባሌ፣ ባሌን አላህ ይርሐመውና ከእሱ ወደ እኔ ዞረ። ጨርቁ ተለውጧል፣ መደርደሪያው ተለውጧል፣ የፊት ለፊቱ መንገድም ስንቴ ተቆፍሮ ስንቴ ተደፍኗል። ምራቂ ግን እንዳለ ነው። ሜትሩን ዘርግቼ ከለካሁ በኋላ፣ መቀሱን ከማሳረፌ በፊት፣ ጨርቁን አንድ ጋት ያህል ገፋ አደርገዋለሁ። ገዢዋ አፍ አውጥታ ባትጠይቅም ዓይኗ እዚያች ጋት ላይ ነው። ጋቷን ያገኘች ሴት በሚቀጥለው ጎረቤቷን ይዛ ትመጣለች፤ ያላገኘች ደግሞ ሰላምታዋን ሳይቀር ትቀንስብኛለች።

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መጥታ «እማ፣ ምራቂን ስልክ ውስጥ ላስገባው ነው» ስትለኝ ሳቅኩባት። አንድ ጋት ጨርቅ በየት በኩል አድርጎ ስልክ ውስጥ ይገባል አልኳት። የተማረ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚያስበው አያጣም አልኩ ለጎረቤቶቼ፣ እሷ እየሰማችኝ። እሷ ግን የወጣችው አባቷን ነው፤ ሲስቁባት ትረጋጋለች። እኔ ብሆን ኖሮ ዕቃ እወረውር ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የደሴና የኮምቦልቻ ባለሱቆች ይመዘገቡና ዕቃቸውን በስልክ ያሳያሉ። ገዢው ባለበት ሆኖ ሲያዝዝ ወይም ሱቅ ድረስ መጥቶ ሲገዛ፣ ባለሱቁ በእጁ ይጨምርለት የነበረውን ያህል በኩፖን መልክ ስልኩ ላይ ይገባለታል። ልዩነቱ፣ ከእኔ ሱቅ ያገኘውን ምራቂ መድኃኒት ቤትም ጫማ ቤትም ዱቄት መሸጫም ሄዶ ሊገለገልበት መቻሉ ነው። ካሻው ደግሞ ለሌላ ሰው ይልከዋል፤ ሲልክም አጭር ቃል ሊጽፍበት ይችላል። ይህቺን መላኪያ ያስገባችው ሰርግ አስባ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ምራቂውን አጠራቅሞ ለሙሽራ እንዲልክ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም ኮከብና መሰላሉን እየነካ ይገባበታል።

ሱቄን ለመመዝገብ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። አቡጀዲ ላይ ምራቂ የለም አልኩ። አቡጀዲ ከእኛ ሱቅ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለከፈን፣ ለሬሳ መገነዣ ነው። በእኛ ቤት ለከፈን ዋጋ አይጠራም፣ ትርፍ አይያዝም፣ ምራቂም አይጨመርም፤ ለቀብር የመጣን ሰው እንደ ገዢ አናየውም። አባቷ ሲያደርግ እያየች ያደገችው ስለሆነ ሳትከራከረኝ እንዳልኩት አደረገች። እኔንም በግድ መዘገበችኝ። ከዚያ ወዲህ ስኳርና ሳሙና በገዛሁ ቁጥር ስልኬ ጢን ይላል፤ ኩፖኑም ይከማቻል። አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር። እልኸኛ ነኝ፤ ፊቱን ያላየሁት ሰው የመረቀልኝን ምን ብዬ ልጠቀምበት እል ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ የልጄ ነገር እኔ እንዳሰብኩት ከስሞ አልቀረም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየች፣ ሠራተኛ ቀጠረች፤ ባጃጆቹ የሱቆችን ዕቃ እያመላለሱ እንጀራ አገኙበት። እኔን ሲያዩ ጥሩንባ መንፋት ጀመሩ፤ ቀድሞ ይሸሹኝ የነበሩ ናቸው። በመጨረሻም አንድ የክፍያ ኩባንያ ከአዲስ አበባ ሊገዛት መጣ። እኔ እንደገባኝ፣ ሰው በኩባንያው ስልክ ገንዘብ ይላላካል እንጂ ገበያ አይወጣበትም፤ ልጄ ደግሞ ገበያውንም ገበያተኛውንም ይዛለች። እነሱ ያንን ነው የፈለጉት።

ተቆጣሁ እንጂ ደስ አላለኝም። ያሳደጉትን ይሸጧል ወይ አልኳት። ሠራተኞቿ እንደማይነኩ፣ እሷም በሥራው ላይ እንደምትቆይ፣ ብቻዋን ግን ከኮምቦልቻ ማዶ ልታሻግረው አቅም እንደሌላት በትዕግሥት አስረዳችኝ። ስትናገር ከኮምቦልቻ ማዶ ያሉትን ከተሞች በጣቶቿ ትቆጥርልኝ ነበር። ይህ ሽያጭ ለእሷ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ኩባንያው ነገሩን እንድታጣራ የላካት ሴት ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ጫማዋ የደሴን ጭቃ አያውቅም፤ እንዲያም ሆኖ ጨዋ ናት፣ እኔን ስታይ ከወንበሯ ብድግ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዤላቸው ወደ ቢሮው ብሄድ ልጄ እጄን ይዛ ትልቅ ስክሪን ፊት አስቀመጠችኝ። የደሴና የኮምቦልቻ ካርታ ነው። ሰው በገዛ ቁጥር፣ በገዛበት ቦታ ላይ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ትላለች። ፒያሳ ላይ ሱቄን ለየኋት። እያየኋት ብልጭ አለች፤ የተውኳት ሠራተኛዬ እኔ ሳልኖር አንድ ነገር ሸጠች ማለት ነው። መናገሻ ስትበራ፣ ሆጤ ስትበራ፣ አራዳ ስትበራ፣ ታች ኮምቦልቻ እንዳለ ስትብለጨለጭ ምሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አንድ ጋት ጨርቅ ስልክ ውስጥ አይገባም ያልኩት እኔ ነኝ። ሱብሃነላህ አልኩ።

ሴትየዋ ግን ፊቷ አልተፈታም። በጣቷ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቦታ ነክታ አሳየችን። ከፋብሪካዎቹ አካባቢ ካሉ በጣም ብዙ ስልኮች የሚነሳ ምራቂ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ቁጥር ይገባል። ሰዎቹ ለራሳቸው አያስቀሩም። ቁጥሩም ቶሎ ቶሎ አያወጣም፤ አንዳንዴ ብቻ ብድግ ብሎ ብዙ ያወጣል። ያወጣባቸውም ቦታዎች እርስ በርስ አይገናኙም፤ ደሴ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ መድኃኒት ቤት፣ ኮምቦልቻ ያለ የሕፃን ልብስ መሸጫ፣ ከዚያ ደግሞ የእኔ ሱቅ።

ከእኔ ሱቅ ምን ገዛ አልኩ። አቡጀዲ አለች።

በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ የመጀመሪያ ግምቷ ስርቆት እንደሆነ በትህትና ነገረችን። አንድ ብልጥ ሰው የፋብሪካ ሠራተኞችን ምራቂ እያታለለ የሚሰበስብበት መንገድ አግኝቶ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ኩባንያው አይገዛም፤ የልጄም ስም ባመኗት ባለሱቆች ዘንድ ይበላሻል። ቁጥሩን አሁኑኑ ዘግታ ለአለቆቿ ልትጽፍ ትችላለች። ልጄ አመዷ ቡን አለ። እኔን ግን አቡጀዲው ነበር የያዘኝ። ብዙ ሌባ አይቻለሁ፤ ሰርቆ ከፈን የሚገዛ ሌባ ግን አላውቅም። እንውረድና ፊቱን እንየው አልኩ፤ ያልኩት ደግሞ ሱቅ ውስጥ በምናገርበት ድምፄ ስለነበር ማንም አልተቃወመኝም።

ከመነሳታችን በፊት ልጄ ቁጥሩ ላይ ደወለች። ቁጥሩ የተመዘገበበትን ስም ጠርታ አገናኙኝ ስትል አንዲት ልጅ ዝግ ባለ ድምፅ «የለችም» አለቻት። የት ሄደች ብትላት፣ ኋላ ፈረቃ ስወጣ ፋብሪካው በር ጋ ጠብቁኝ አለችን።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ ደሴ ላይ ቀረ። ኮምቦልቻ እንደ ወትሮዋ ሞቃ ጠበቀችን፤ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ ጭኔ ላይ አጣጠፍኩ። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ጥላ ሥር ቆምን። ኮምቦልቻን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ፈረቃ ሲለቀቅ ቆሜ አይቼ ግን አላውቅም ነበር። በሩ ሲከፈት ሴት ልጅ ፈሰሰች። ሂጃብ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ነጠላ የጣለች፣ ክር ፀጉሯ ላይ የቀረባት፤ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም የደከማት፣ ሁሉም የምታወራ። በየሱቁ እየቆሙ ዳቦ ገዙ፣ ሳሙና ገዙ፣ ቲማቲም ገዙ። ገዝተው ሲያበቁ መንገዳቸውን ሳያቋርጡ፣ ጓደኛቸውን እያዋሩ፣ በአውራ ጣታቸው ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዷ፣ ሌላዋ፣ ሌላዋ። ከአዲስ አበባ የመጣችው እንግዳችን የያዘችውን ታብሌት አየት አደረገችና ዘረጋችልን። ያ ቁጥር ሳያቋርጥ ይቀበል ነበር።

ማንም አላስገደዳቸውም። ቆሞ የሚሰበስብ የለም፣ የሚያዝዝ የለም። መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው በልማድ ነበር የሚያደርጉት። ስንት የጁምዓ ቀን መስጊድ በር ላይ ሰው ሰደቃ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም የሚሰጠውን የሚያይ ዓይን አለ። እዚህ ግን የሚያይም የሚታይም አልነበረም።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ብቻዋን መጣች። ቀጭን ናት፣ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። በእጇ የያዘችው ስልክ ጀርባው ወልቆ በላስቲክ የታሰረ ነው። እኔን ስታይ ደንገጥ ብላ አንገቷን ሰበረች፤ እኔም አወቅኳት። አንድ ዝናባማ ቀን መጥታ ከእኔ አቡጀዲ ገዝታ ነበር። ዋጋ ሳትጠይቅ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ ቆማ ስታለቅስ ከአንድ ቤት ተልካ የመጣች ሠራተኛ መስላኝ ነበር።

በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ክፍሎች ወደ አንዱ አስገባችን። ለእኔ አልጋውን ሰጥታ እነሱን ጀሪካን ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን።

ስልኩ የጓደኛዋ ነው። ከወግዲ ገጠር የመጣች፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ አብራት የምትኖር፣ አንድ መስመር ላይ አብራት የምትሰፋ ልጅ ነበረች። ትኩሳት ያዛትና ሰው ነገሩን ሳያውቀው አለፈች። የሰፈሩ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ አጥበው፣ ሰግደው፣ በወጉ ቀበሯት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በእኛ አገር፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቅሬ አለው፤ ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ለቀስተኛ የሚያበላ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ የሚያሳድር ማኅበር ማለት ነው። ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ለተከራዩ፣ ነገ የት እንደሚሆኑ ለማያውቁ ልጃገረዶች ግን ቅሬ የለም። አባትየው ከቀብሩ ቀናት በኋላ በእግርና በመኪና ደረሱ። ልጃገረዶቹ የሚያስቀምጡበት ቤት፣ የሚያቀርቡት ምግብ አልነበራቸውም። ሽማግሌው መስጊድ አድረው በማለዳ የልጃቸውን ቦርሳ ተሸክመው ተመለሱ።

ስልኩ ቻርጅ ሊደረግ ሱቅ ተሰጥቶ ስለነበር ኋላ ነው የተገኘው። ልጅቷ ይህን ስትናገር ላስቲኩን በጣቷ እየሳበች ትለቀው ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ገዝታ ትንሽ ምራቂ ሲገባላት፣ እንዲሁ ሆዷን ቢብሳት፣ ወደ ሟቿ ቁጥር ላከችው። መጻፊያዋ ላይም ነፍስሽን ይማር ብላ ጻፈች። ሌላዋ ጓደኛቸው አይታ እሷም ላከች። ከዚያ ሥራ ቦታ ተወራ። ሲታመሙ፣ ሲወልዱ፣ የሞተ ሲኖር ከዚያው እያወጡ መገልገል ጀመሩ። እኔ ጋ አቡጀዲ የገዛችው ለሌላ ለሞተች ልጅ ነው፤ የዚያችኛዋን አባት ግን ቤት ለምነው፣ አብልተው፣ አሳድረው ነው የሸኙት።

እንግዳችን አንድ ነገር ጠየቀች። ለምን በሕይወት ካላችሁት በአንዳችሁ ስም አላደረጋችሁትም አለቻት። ልጅቷ ጥያቄው እንግዳ የሆነባት ይመስል አየቻት።

«በእኔ ቁጥር ቢሆን አንድ ቀን ይቸግረኛል፤ የራሴ ይመስለኛል» አለች። «እሷን ግን አይቸግራትም።»

ንግድ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሸሪክ ሸሪኩን ሲክድ፣ ወንድም ወንድሙን ፍርድ ቤት ሲያቆም አይቻለሁ። ታማኝ ገንዘብ ያዥ ከየት ይገኛል እየተባለ ስንት ስብሰባ ሲፈርስ ነበርኩ። እነዚህ ልጆች ከመቃብር አገኙ።

ሴትየዋ ስርቆት አለመሆኑን ስትሰማ ተነፈሰች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ። ኩባንያው ከገዛ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥር በሕይወት ያለ ባለቤትና መታወቂያ ሊኖረው ግድ ነው። በሟች ስም ያለ ቁጥር ይዘጋል፤ ያለውም ወደ ባለሱቆቹ ይመለሳል። የሕግ ነገር እንጂ የእሷ ፍላጎት እንዳልሆነ ነገረችን። ልጅቷ ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

እኔ መቼም ዝም ማለት አይሆንልኝም። በእኔ ስም ይሁን፣ መታወቂያዬ እነሆ፣ ፒያሳ የማያውቀኝ የለም አልኩ። ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመችኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አለች። «ግን በሕይወት አሉ።»

እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። መታወቂያዬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ልጄ ቁጥሩ ባለቤት ሳያገኝ ውሉን እንደማትፈርም ለእንግዳዋ ነገረቻት። ይሄኔ ቁጣዬ መጣ። ለአንድ ቁጥር ብለሽ የዚህን ሁሉ ዓመት ልፋትሽን ገደል ልትከቺ ነው ወይ፣ ኩባንያው ሌላ አያጣም፣ አንቺ ግን ሌላ ገዢ ታጫለሽ ብዬ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጮህኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እማ፣ አቡጀዲ ላይ ምራቂ የለም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ።

ጉሙ ውስጥ ስንገባ ፎጣዬን መልሼ ለበስኩ።

መላ ያገኘችልን እንግዳችን ናት፤ የማይካድ ነገር አይካድም። ከአለቆቿ ጋር ስትሟገት ቆይታ ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ወራሽ ካለ፣ ወራሽነቱን የሚያሳይ ወረቀትና መታወቂያ ይዞ ከመጣ፣ ቁጥሩ በእሱ ስም ሊዞር ይችላል። ሟቿ ደግሞ አባት አላት። ለልጅቷ ደውለን ልጆቹ ይስማሙ እንደሆነ ጠየቅናት። ተማክራ ማግሥቱን መለሰችልን። ልጆቹ፣ አባቷ ከእሷ ላይ አይወስዱም ብለዋል አለች። ስልኩ እንደ ድሮው ከልጆቹ ጋር ይቆያል፤ አባትየው ስማቸውን ብቻ ያውሱታል።

እሳቸውን ማግኘቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከወግዲ እየመጡ ጨርቅ የሚጭኑ ደንበኞች አሉኝ፤ ለእነሱ ቃል ሰጠሁ፣ እነሱ ለገበያ ሰው ነገሩ፣ የገበያው ሰው ለመንደሩ። ቃሉ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ልጄ ትበላ የነበረውን አልበላችም፤ ኩባንያው የሰጣት ቀን እየቀረበ ነበር። እኔ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስለካ ስንቴ ተሳሳትኩ መሰላችሁ። በወግዲ አውቶቡስ ከመጣ ጭነት ጋር አንድ ሰው ሽማግሌው መንገድ ጀምረዋል ሲለኝ የያዝኩትን መቀስ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌው ቡልኮ ደርበው፣ ነጭ ጥምጥም አድርገው፣ ከዘራና አንድ ከረጢት ይዘው ኮምቦልቻ ወረዱ። ከረጢቱ ውስጥ የሽንብራ ቆሎ ነው፤ ለልጃቸው ጓደኞች ነው ያመጡት። ስለ ቁጥሩ ስናስረዳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙን፤ ምን ያህሉ እንደገባቸው እንጃ። ልጆቹ በስሟ ይረዳዳሉ የሚለው ላይ ብቻ እንድንደግምላቸው ጠየቁ። ደገምንላቸው።

ምዝገባው ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ በዚያችው ሱቅ ጥላ ሥር ሆነ። እንግዳችን መታወቂያቸውን ተቀበለች፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ያመጡትን ወረቀት አየች፣ ፎቶ አነሳቻቸው። የጣት አሻራ ላይ ስንደርስ ማሽኑ እምቢ አለ። አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ፣ አላነበበም። ጠርጋ መልሳ አስቀመጠች፣ አላነበበም። ዕድሜ ልኩን ዕርፍ የጨበጠ ጣት ከጊዜ ብዛት ልስልስ ብሏል። ሽማግሌው ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል አፉ በሉኝ እያሉ ጣታቸውን በቡልኳቸው ጫፍ ይፈትጋሉ። ልጄ ጥፍሯን ትበላለች። የሟቿ ጓደኛ ፈረቃ አቋርጣ መጥታ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ጣት በጣት ተሞክሮ በስተመጨረሻ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ስታርፍ ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። እንግዳችን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

ውሉ በሳምንቱ ደሴ ላይ ተፈረመ፤ ሰው ተጠርቶ ኬክም ተቆረጠ። እኔ ከዚያ ሁሉ ነገር የማስታውሰው ግን ኮምቦልቻ የሆነውን ነው። አሻራው እንደተያዘ የቀኑ ፈረቃ ተለቀቀ። በሩ ተከፈተና ሴት ልጅ እንደዚያን ቀኑ መንገዱን ሞላችው። ሽማግሌው ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጆቹ በፊታቸው እያለፉ ዳቦ ገዙ፣ ሳሙና ገዙ። ጓደኛዋ ስልኩን ሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረችው። ጢን አለ። ደንግጠው ሊያስቀምጡት ሲሉ እንደገና ጢን አለ።

ማንበብ አይችሉም፤ ወደ እኔ ዘረጉት። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መነጽሬን አደረግሁና አነበብኩላቸው።

አላህ ይርሐምሽ ይላል የመጀመሪያው። «አሚን» አሉ።

ነፍስሽን በገነት ያኑራት ይላል ሌላው። «አሚን» አሉ።

ዛሬ ማሽኔ ተበላሽታ ዋለች፣ አንቺ ብትኖሪ ትጠግኚልኝ ነበር የሚል መጣ። ትንሽ አሰቡና ለእሱም አሚን አሉ። ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅሽ ይላል። እናቴ ተሽሏታል፣ በአንቺ መድኃኒት ነው ይላል። ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ስምሽን ሰጠኋት ይላል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስልኩን የያዘ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ዱዓ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ለእያንዳንዱ አሚን ይላሉ። ስልኩ አላረፈም። መንገድ ላይ የሚያልፉት ልጆች ምራቂያቸው የት እንደሚወድቅ ሳያውቁ ይልካሉ፤ ወድቆ የሚደርሰው ግን እዚያው አጠገባቸው፣ አባቷ መዳፍ ላይ ነበር።

የራሴን ስልክ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወደ ልጄ ጠጋ ብዬ እንዴት ነው የሚላከው አልኳት በጆሮዋ። አልሳቀችብኝም። ኮከቡን አሳየችኝ፣ መሰላሉን አሳየችኝ፣ የምጽፍበትን አሳየችኝና ዞር አለችልኝ። ያን ሁሉ ዓመት በእልህ ሳልነካው የከረመውን አንድ ሳላስቀር ላክሁት።

ሽማግሌው መዳፍ ላይ ጢን አለ።

«ይችስ ምን ትላለች?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ስልኩን ተቀብዬ የራሴን ቃል አነበብኩላቸው። አባትሽ ዛሬ መስጊድ ሳይሆን እኔ ቤት ነው የሚያድሩት ይላል።

ወዲያው አሚን አላሉም። ዓይናቸውን ገልጠው ስልኩን አዩት፤ ደግሜ እንዳነብላቸውም ጠየቁኝ። ደግሜ አነበብኩላቸው። ቡልኳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው «አሚን» አሉ።